ሬዲዮው ባትሪዎን እንዳይጨርስ

ሌሊት ጎረቤት በር አንኳኩቶ «ምጥ ይዟታል፣ ሆሳዕና ሆስፒታል አድርሱን» ቢልዎትና መኪናዎ አልነሣ ቢልስ? አንዱ ምክንያት በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር ወይም የመገናኛ ሬዲዮ ነው፤ ቁልፉ ወጥቶም ኤሌክትሪክ መሳቡን አይተውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ግማሽ አምፒር የሚስብ ሬዲዮ በ24 ሰዓት 12 አምፒር-ሰዓት ይወስዳል። ባለ 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በ3 ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሆሳዕና የሌሊት ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ሞተሩን ማስነሣት ይብስ ይከብዳል።

ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ቁልፉ ሲጠፋ የሬዲዮው መስመር እንዲቋረጥ ሪሌ ያስገባበት፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ ያድርገው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ባትሪውን ያስለኩ፦ 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግን ወደ ግማሽ ወርዷል። የምጥ ሌሊት መኪና መግፊያ ጊዜ የለውም።