የደም ግፊት መድኃኒትና ኩላሊት

እያንዳንዱ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። የደም ግፊት ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ፣ ወደ እነዚህ ማጣሪያዎች ደም የሚያስገቡት ስሮች ይጠነክራሉ፣ ይጠባሉ። የደከመ ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውሃ ስለሚያስቀር ግፊቱን መልሶ ያንረዋል። «ኩላሊት ይጎዳል» በሚል ስጋት ክኒናቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች ከሚሸሹት ጉዳት ጋር የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

ከእነዚህ ክኒኖች አንዱ የሆነው አምሎዲፒን የደም ስርን ያላላል፤ በኩላሊት ሥራ ላይ በቀጥታ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮስማይድ ጨውና ውሃን በሽንት ያስወጣሉ፤ ፖታሲየምንም ሊያሳንሱ ይችላሉ።

ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሹት ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ናቸው። ደም ከማጣሪያው የሚወጣበትን ስር ስለሚያሰፉ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጫና ይቀላል። በዚህም የተነሳ ሕክምናው በተጀመረ ሰሞን ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ ልኬት) ከፍ ሊል ይችላል። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን አያስቆምም፤ ካለፈ፣ ወይም ፖታሲየም ከ5.5 ሚሊሞል በሊትር ከበለጠ፣ ሐኪም ምክንያቱን መርምሮ መጠኑን ያስተካክላል። የዚሁ ወገን የሆነው ካፕቶፕሪል ኩላሊታቸው የተነካ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕሙማንን ከእጥበት፣ ከንቅለ ተከላና ከሞት የመጠበቅ አቅሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ጥናት ታይቷል፤ አደጋው በግማሽ ያህል ቀንሷል። እነዚህ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ ሜቲልዶፓ ይተካቸዋል።

ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው ሌላ ነገር ሲደረብ ነው። ለምሳሌ ለገና በዓል ላስታን በእግር አቋርጦ ወደ ላሊበላ የሚመጣ ምእመን ጾሙን ይዞ፣ ውሃ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ይጓዛል። ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን እየወሰደ ለጉልበቱ ሕመም ዳይክሎፈናክ ቢጨምር፣ ሦስቱ አንድ ላይ አደገኛ ናቸው፦ ዳይክሎፈናክ ደም የሚገባበትን ስር ያጠባል፣ ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋል፣ የሚያሸናው የደሙን መጠን ያሳንሳል። ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጣና ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ከባድ ተቅማጥና ትውከትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያኔ መድኃኒቱን ለጊዜው ስለማቆም ጤና ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል።

ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም የመጨረሻው ሕክምና እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለላስታ ገበሬ ሁለቱም ሩቅና ውድ ናቸው። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የጀመረ ሰው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ይመርመር፤ ጤና ጣቢያው ምርመራውን ካልሠራ፣ ወደሚሠራበት ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ።