«የጊዜ ማርሽ» ወይስ «የማናበቢያ ማርሽ»?
ስለ አንድ የሞተር ክፍል ስያሜ

የቴክኒክ መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከባድ ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው ግን ከባዱ ቃል ሳይሆን የሚያውቀው የመሰለው ቀላል ቃል ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እንግሊዝኛው «ታይሚንግ ጊር» የሚለው የመኪና ሞተር ክፍል ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «የጊዜ ማርሽ» ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስያሜ ለምን እንደማያገለግል ማሳየትና በምትኩ ሌላ ማቅረብ ነው።

ሀ. ነገሩ ምን ይሠራል?

ስያሜ ከመስጠት አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ለምሳሌ ያህል የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1931 ድረስ ያመርተው የነበረውን «ሞዴል ኤ» የተባለ መኪና እንውሰድ። የዚህ መኪና ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ ክራንክሻፍት የተባለውን ዋና ዘንግ ያዞራሉ፤ ካምሻፍት የተባለው ሁለተኛ ዘንግ ደግሞ ቫልቮቹን በየተራ ይከፍታል። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት የሚባሉት አራቱ ምቶች እስኪፈጸሙ ድረስ ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ግን መከፈት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በካምሻፍቱ ጫፍ ያለው ማርሽ በክራንክሻፍቱ ላይ ካለው ይልቅ እጥፍ ጥርስ አለው።

ከዚህ የምንረዳው ማርሹ ጊዜን እንደማይለካ ነው። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የሁለቱን ዘንጎች ዝምድና ሳያዛባ ይጠብቃል። «የጊዜ ማርሽ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ግን በሐሳቡ የሚመጣበት የሰዓት ጥርስ ነው።

ለ. «ጊዜ» የሚገባበት ቦታ

ይህን ስንል «ጊዜ» የሚለው ቃል ከመመሪያው ጨርሶ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ያው የእንግሊዝኛ ቃል የካንዴላው እሳት መቼ እንደሚፈነጥቅ ለመግለጽም ይሠራበታል። በሞዴል ኤ መኪና ላይ ነጂው ከመሪው ሥር በግራ በኩል ባለው ዘንግ ብልጭታውን ያስቀድማል ወይም ያዘገያል። እዚህ ላይ «የብልጭታ ጊዜ» ቢባል ትክክል ነው፤ «ማስቀደም» እና «ማዘግየት» የተባሉት ግሦችም ያለ ችግር ይከተሉታል። የቫልቮቹን ተራ የሚወስነው ግን የጥርሶቹ አገጣጠም ስለሆነ፣ ነጂው እየነዳ የሚለውጠው አይደለም። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ሁለት ስያሜ እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሐ. «ማርሽ»

ይህ ቃል ከጣሊያንኛ «ማርቻ» የመጣ ነው። በጣሊያንኛ «ማርቻ» የፍጥነት ደረጃን ሲያመለክት፣ ባለ ጥርሱ ብረት ራሱ «ኢንግራናጆ» ይባላል። አማርኛው ግን «አንደኛ ማርሽ አስገባ» ሲል ደረጃውን፣ «የማርሹ ጥርስ ተበላ» ሲል ደግሞ ብረቱን በአንድ ቃል ይጠራል። ይህን ለመለየት «ጥርሳም መዘውር» የሚል ስያሜ መፍጠር ይቻል ነበር። ነገር ግን መካኒኩ ዕቃውን ከመደርደሪያ የሚያወርደው «ማርሽ» ብሎ ነው። ሠራተኛው የሚያውቀውን ቃል ነጥቆ የማያውቀውን መስጠት ለቋንቋው ጥቅም የለውም። ስለዚህ «ማርሽ» ባለበት ይቆይ፤ ልዩነቱን ቅጽሉ ይሸከም።

መ. «ማናበብ»

ለቅጽሉ የምናቀርበው «የማናበቢያ» የሚለውን ነው። ሁለት መዛግብት እርስ በርስ ሲመሳከሩ «ተናበቡ» እንላለን። በግእዝ ሰዋስው «ተናባቢ» የሚባሉት እንደ «ቤተ መንግሥት» ያሉ፣ ሁለት ሆነው ሳለ እንደ አንድ የሚነበቡ ስሞች ናቸው። ሁለቱ ዘንጎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሲዞር ትርጉም የለውም። «አናባቢ» የሚለው ቃል በድምፅ ጥናት ቦታውን ስለያዘ «አናባቢ ማርሽ» ማለቱ ይቅር፤ «ማናበቢያ» ግን ከማንም ጋር አይጋጭም።

ሠ. ተከታይ ቃላት

ማርሹ ሲያልቅ «ያረጀ» ማለት አይበቃም፤ ሳይሠራበት ተቀምጦ የኖረ ዕቃም ያረጃልና። በመተሻሸት ለሳሳው ጥርስ የጋራዡ «የተበላ» ይሻላል። በሞዴል ኤ ሞተር ትልቁ ማርሽ ድምፅ እንዲቀንስ ሲባል ከብረት ሳይሆን ከባክላይት ዓይነት ቁስ ስለተሠራ ለመበላት ቅርብ ነው።

በሁለት የማርሽ ጥርሶች መካከል ላለው ቦታ «ፍንጭት» የሚለውን እናቀርባለን። የፊት ጥርስ ክፍተት በዚሁ ቃል ስለሚጠራ አንባቢ አይቸገርም። የአንዱ ማርሽ ጥርስ በሌላው ፍንጭት ሲገባ ደግሞ ጥርሶቹ «ተሰካኩ» እንበል፤ «ተናከሱ» የጠብ ቃል ነው።

መኪናውንም «ጥንታዊ» ማለት ከአክሱም ሐውልት ጋር ያቆመዋል። እንግሊዝኛው ለዚህ የሚጠቀምበት ቃል ከወይን አዝመራ የተወሰደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በብሪታንያ የተቋቋመው የእነዚህ መኪናዎች ወዳጆች ክበብ እስከ 1930 መጨረሻ ለተሠሩት ወስኖታል። ለእኛ «ዕድሜ ጠገብ» የሚለው፣ ዛፉን በምንጠራበት ክብር፣ ይበቃል።

ረ. መፈተኛ

ስያሜ የሚፈተነው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናንብብ፦

«የተበሉትን የማናበቢያ ማርሾች ከመፍታትህ በፊት አንደኛው ፒስተን በማመቅ ምት ጫፍ ላይ መድረሱን አረጋግጥ። ለዚህም በፊተኛው መሸፈኛ ላይ ያለውን አመልካች ብሎን ፈትተህ ገልብጠህ አስገባውና በጣትህ እየተጫንህ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለህ አዙር፤ ብሎኑ በትልቁ ማርሽ ላይ ባለው ጎድጓዳ ነጥብ ሲገባ አቁም። አዲሶቹን ስትገጥም ጥርሶቹ በምልክቶቹ ላይ እንዲሰካኩ አድርግ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር «ያረጁትን የጊዜ ማርሾች ለውጥ» ብሎ ያሳጠረ ተርጓሚ፣ መካኒኩ ምልክቱን ችላ እንዲል በር ይከፍታል። በሞዴል ኤ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ስላሉ የአንድ ጥርስ ስሕተት ጉልበት ያሳጣል እንጂ ፒስተኑን ከቫልቭ ጋር አያጋጭም። ቫልቮቻቸው ከላይ በሆኑ አንዳንድ ሞተሮች ግን ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። እዚያ ላይ የቃሉ ስሕተት የብረት ስሕተት ይሆናል።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። ከመጽደቃቸው በፊት ግን ቋንቋ አዋቂው ብቻ ሳይሆን እጁ በዘይት የተነከረው ባለሙያም አንብቦ «ገባኝ» ሊላቸው ይገባል።