የጉበት ቫይረስና የክርስትና ዕለት

በአርብ ገበያም ሆነ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ስሙ ከሌሊት ወፍ ጋር ቢያያዝም በሽታው ከእርሷ አይመጣም። የዓይን ቢጫ መሆን የጉበት መታወክ ምልክት ነው፤ መንሥኤውም ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ የሚችለው፣ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው።

ቫይረስ በራሱ ሊራባ አይችልም። በሽፋን የተጠቀለለ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ በአንዳንዶቹ አርኤንኤ፣ በሌሎቹ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ዲኤንኤ ነው። ፈንጣጣን፣ አልማዝ ባለ ጭራንና የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጡት ቫይረሶች የዲኤንኤ ወገን ናቸው፤ ሄፓታይተስ ቢም ከእነርሱ ይቆጠራል። የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ የዚህ ቫይረስ ግን 3,200 ያህል ብቻ ናቸው።

አበዛዙን በጋይንት ቤተልሔም ድጓውን ከናሙና እያየ በሚገለብጥ ደቀ መዝሙር ልንመስለው እንችላለን። ጸሐፊው ታማኝ ነው፤ በናሙናው ባዕድ ቃል ቢገባበት ግን ያንኑ ይገለብጣል። የጉበት ሕዋስም እንዲሁ ነው። የቫይረሱ ዲኤንኤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ዘልቆ እንደ ቀለበት ተዘግቶ ይቀመጣል። ሕዋሱም የራሱ ጽሑፍ መስሎት ያነብበዋል፤ የአርኤንኤ ቅጂም ያወጣል። ቫይረሱ ቅጂውን መልሶ ወደ ዲኤንኤ ይለውጥና በሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ደም ይወጣል። ቀለበቱ ግን በአስኳሉ ይቀራል። ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች መባዛቱን ቢገቱም ናሙናውን ፈጽመው የማያጠፉት ስለዚህ ነው።

ጉበትን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ የሰውነት ተከላካይ ኃይል የተያዙትን ሕዋሳት ሲገድል ነው። ጉዳቱ ሲደጋገም ጉበት በጠባሳ ይሞላል፤ ካንሰርም ሊከተል ይችላል። በአዋቂነታቸው ከሚያዙት አብዛኞቹ ቫይረሱን ያሸንፋሉ። በሕፃንነታቸው ከሚያዙት ግን ከ10 ዘጠኙ ያህል ለረጅም ዘመን ይሸከሙታል፤ ተከላካይ ኃይላቸው ገና አልጠነከረምና።

በመሆኑም ዋናው ጥበቃ በሕፃንነት የሚሰጠው ክትባት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። 6ኛው ሳምንት 42ኛው ቀን ነው፤ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ከተነሣ ከሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ደግሞ ሁለቱን ክትባቶች ወስዳ መገኘት ይገባታል። ስለዚህ ካህናት አባቶች በዚያ ዕለት ወላጆችንና የክርስትና አባትን ወይም እናትን ስለ ክትባት ካርዱ ቢጠይቁ፣ ጥያቄው በጊዜው የቀረበ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥም እንዲከተብ ይመክራል። ነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ እንዲመረመሩና እንዲወልዱ ማበረታታት ያስፈልጋል።

ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭም ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለግርዛት፣ እንጥል ለመቁረጥ፣ ለንቅሳት ወይም የአብነት ተማሪዎችን ራስ ለመላጨት በጋራ የሚያገለግል ምላጭ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሰበካ ጉባኤ ለአብነት ትምህርት ቤቱ ለየተማሪው የግል ምላጭ ቢያቀርብ በጥቂት ወጪ ብዙ ይጠብቃል። በአንድ ማዕድ በመቅረብ፣ በመጨባበጥ ወይም መስቀል በመሳለም ግን አይተላለፍምና ሕሙማንን ማግለል አይገባም።

ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማንም ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። የዚህን ቫይረስ መድኃኒት በድንገት ማቆም ቫይረሱ እንዲያገረሽና ጉበትን በብርቱ እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒትና ጸሎት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ከካህን አንደበት የሰማ ሕመምተኛ ኪኒኑን አይጥልም።