የማሽኑ ታሪክ ከሰው ጋር እንዳይሄድ
የጥገና መዝገብን ከኤክሴል ሠንጠረዥ ወደ ጥገና ፕሮግራም ስለማሸጋገር



እኛ በገዳሪፍ የምንኖር ሰዎች ውሏችን ከማሽን ጋር ነው። በዚህ አካባቢ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ገደምበሊያ በሚባለው ሥፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ ያለ ትራክተር አይታሰብም። ከመተማና ከሁመራ በኩል ድንበር እየተሻገሩ ለአረምና ለአጨዳ የሚመጡ ወገኖቻችን ይህን በዓይናቸው ያዩታል። ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ለዘር ሲደርስ አንድ ትራክተር ለሳምንት ቢቆም የዘር ወቅቱ እንደሚያልፍ፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈርም አንዴ ከረጠበ በኋላ ማሽን እንደማያስገባ ያውቃሉ።

በትምህርት ቤት ግቢም ማሽን አይጠፋም። መብራት ሲቋረጥ የሚነሣ ጀነሬተር፣ ውኃ የሚስብ ፓምፕ፣ የፈተና ወረቀት የሚያባዛ ማሽን፣ ኮምፒውተሮች፣ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎች፣ ማቀዝቀዣና የጣሪያ ፋኖች አሉ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ፓምፑ ሁለት ቀን ቢቆም ልጆች ውኃ ተጠምተው ይውላሉ። በፈተና ዋዜማ ማባዣው እምቢ ቢል የተማሪው የዓመት ልፋት ይስተጓጎላል። ስለዚህ የጥገና መዝገብ የቢሮ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። በዚህ ጽሑፍ መዝገቡ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሲያዝ ምን እንደሚጎድለው፣ ለጥገና ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ምን እንደሚጨምር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚታለፍ እናስረዳለን።

ሠንጠረዡ የት ላይ ይደክማል?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የጥገና መዝገብም መጀመሪያ በደብተር ነበር፤ በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ሠንጠረዥ ተዛወረ። ለግል ኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቪዚካልክ በ1979 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኤክሴል በ1985 ተከተለ። ሁለቱም በዋናነት የታሰቡት ለሒሳብ ሥራ ነው። ለመደመር፣ ለመቀነስና ዝርዝር ለመያዝ ሠንጠረዥ ዛሬም አቻ የለውም። ዐሥር ዕቃ ብቻ ላለው ቤት ሠንጠረዥ፣ እንዲያውም ደብተር፣ ይበቃል።

ዕቃው ሲበዛና ጸሐፊው ከአንድ በላይ ሲሆን ግን ችግሩ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። «የጀነሬተሩ ዘይት መቀየር ያለበት» ብለን ብንጽፍ፣ ፋይሉን የሚከፍት ሰው እስካልመጣ ድረስ ጽሑፉ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው፤ ይህ በተለይ የእኛ ችግር ነው። አንዱ ሠራተኛ በኢትዮጵያ ዘመን ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ። ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው። በሠንጠረዡ ላይ 5/3/2016 ተብሎ ቢገባ ኮምፒውተሩ እንደ ቅንብሩ ማርች 5 ወይም ሜይ 3 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል። ትናንት የተጠገነው ፓምፕ ከሰባት ዓመት በፊት የተጠገነ ይመስላል ማለት ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የላትም።

ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። አንዱ «ጀነሬተር»፣ ሌላው «ጄኔሬተር»፣ ሦስተኛው «ጀኔሬተር» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ወጪ ሲደመር አንዱ ይቆጠራል፣ ሁለቱ ይቀራሉ።

አራተኛው ሠንጠረዥ ሲሳሳት ድምፅ አለማሰማቱ ነው። በእንግሊዝ አገር ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 15,841 የኮቪድ ሕሙማን ውጤት በወቅቱ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ መያዝ ስለማይችል ትርፉ መውደቁ ነው። ሀብትና ባለሙያ ያለው አገር ላይ ይህ ከደረሰ፣ የትም ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን አምስተኛው ነው። ገዳሪፍ የሚመጣበትም የሚሄድበትም ከተማ ነው። አንዱ መምህር ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ አገር ይሻገራል፤ ኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. ላይ በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገደኛው በዝቷል። ፋይሉ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ላይ ከሆነ ሰውየው ሲሄድ የማሽኑም ታሪክ አብሮ ይሄዳል። የመለዋወጫው ቁጥር፣ ፓምፑ ባለፈው ዓመት ለምን እንደተቃጠለ፣ የትኛው ወርሻ በደንብ እንደሠራው፣ ሁሉም ይጠፋል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል።

የጥገና ፕሮግራም ምን ይጨምራል?

የጥገና ፕሮግራም የሚነሣው ከዕቃው ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁጥርና የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ በሆስፒታል ለእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ እንደሚወጣለት ማለት ነው። መቼ እንደተገዛ፣ ማን እንደለገሰው፣ የት ክፍል እንዳለ፣ ምን ጊዜ ምን እንደተደረገለት፣ ስንት ገንዘብ እንደወጣበት በዚያ ገጽ ላይ ይሰበሰባል። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ እንደገና አይጽፍም። የፊደል ልዩነቱ በዚህ ይቀራል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጊዜ ጠብቆ መጠየቁ ነው። ጥገና በቀን ብቻ አይለካም፤ በሥራ ሰዓትም ይለካል። የአንድ ጀነሬተር አምራች ዘይቱ በየ250 የሥራ ሰዓት ይቀየር ብሎ አዘዘ እንበል። ማሽኑ በቀን 5 ሰዓት ከሠራ ጊዜው በ50 ቀን ይደርሳል፤ በቀን 2 ሰዓት ብቻ ከሠራ ግን በ125 ቀን ነው። መብራት በሚበዛበት ወርና በሚጠፋበት ወር ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ጥበቃው ወይም የጥገና ሠራተኛው በየሳምንቱ የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ ካስገባ፣ ፕሮግራሙ ራሱ አስልቶ «ደርሷል» ይላል። አቧራ በሚበዛበት ከዝናብ በፊት ባለው ወቅትም የአየር ማጣሪያ ማጽጃውን ቀን ማቀራረብ ይቻላል።

ሦስተኛው የሥራ ትእዛዝ ነው። አንድ መምህር የክፍሉ ፋን እንደቆመ ሲያሳውቅ ጥያቄው ቁጥር ይይዛል፣ ለአንድ ሰው ይመራል፣ ሥራው ሲያልቅም ማን መቼ እንደዘጋው ይታያል። «ነግሬ ነበር»፣ «አልሰማሁም» የሚባለው ክርክር ያበቃል።

አራተኛው ውሳኔን ማገዙ ነው። አንድ ማባዣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለጥገና ያስወጣው ገንዘብ የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ደርሶ ከሆነ፣ የወላጆች ኮሚቴ መረጃውን አይቶ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን በማስረጃ ይወስናል። ወላጅ የከፈለው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለም በግልጽ ይታያል።

ከሆስፒታሎች የምንማረው

ይህ ነገር በጤና ተቋማት የበለጠ ተፈትኗል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን ዝርዝር መርምሮ፣ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ መሆኑን አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ11 አገሮች ከሚገኙ 60 ሆስፒታሎች የቀረቡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን ተመልክቶ፣ ከተበላሹት መሣሪያዎች 66 በመቶ ያህሉን ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ፣ በመሠረታዊ የሙያ ዕውቀት ብቻ ወደ ሥራ መመለስ እንደሚቻል አሳየ። ከብልሽቱ አብዛኛው ከአቅማችን በላይ አይደለም ማለት ነው። ምን እንደተበላሸ ማወቅና ለሚያውቅ ሰው በጊዜ ማድረስ ይፈልጋል።

በአገራችንም የጤና ሚኒስቴር ለዚሁ ዓላማ ሜሚስ የሚባል የሕክምና መሣሪያዎች አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት በጤና ተቋማት ሥራ ላይ እንዲውል አድርጓል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣው አንድ ሌሊት ቢከዳ የሚጎዳው የዕቃ ክፍል ኃላፊው ሳይሆን በማግሥቱ እናቱ አዝላ የምታመጣው ሕፃን ነው። መዝገብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እንዴት እንሸጋገር?

አንደኛ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት በእግር መዞር ያስፈልጋል። ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ ያለውን ዕቃ በዓይን አይቶ መቁጠር፣ ቁጥር ለጥፎ መመዝገብ። ይህን ሥራ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ቢሠሩት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ የቆየውን ሠንጠረዥ ማጽዳት። ለአንድ ዕቃ አንድ መስመር፣ ለአንድ ስም አንድ አጻጻፍ፣ ለቀን አንድ አቆጣጠር። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ቀኑን በዚያ አስገብቶ የኢትዮጵያውን በማስታወሻው ቦታ ማከል ይሻላል። ቆሻሻ ዝርዝር ወደ አዲስ ፕሮግራም ቢገባ ያው ቆሻሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለመጀመር። ቢቆሙ ትምህርት የሚያስቆሙትን አምስት ወይም ስድስት ማሽኖች አስቀድሞ ማስገባት፤ ሲለመድ ሌላውን ማከል።

አራተኛ፣ ለእኛ ኑሮ የሚስማማውን መምረጥ። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. በሱዳን አብዛኛው ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት፣ በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተርና በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ይመረጣል። ስናይፕ-አይቲና ጂኤልፒአይ የሚባሉት በነፃ የሚገኙና በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ ናቸው፤ የሚጭናቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ግን ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሠንጠረዡንና ፕሮግራሙን ጎን ለጎን ማስኬድ፣ ከዚያም ሠንጠረዡን መዝጋት። ሁለት መዝገብ ለዘለቄታው ከተያዘ የትኛው እውነት እንደሆነ አይታወቅም።

ስድስተኛ፣ በየሳምንቱ ቅጂ ማስቀመጥ፣ በየወሩም ዋናውን ዝርዝር በወረቀት አትሞ በፋይል ማኖር። የይለፍ ቃሉ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ዘንድ ይሁን፤ ያለዚያ ከፍላሹ ችግር ወጥተን ወደ ይለፍ ቃል ችግር እንገባለን።

ፕሮግራሙ የማይሠራው

ፕሮግራም ዘይት አይቀይርም። ሠራተኛው ያላየውን «አየሁ» ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ ውሸቱን አሳምሮ ያስቀምጣል። ማስታወሻው «ደርሷል» እያለ ዘይት መግዣ ገንዘብ ከሌለ ማስታወሻው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጋር ትንሽም ብትሆን ለጥገና የተለየች በጀት፣ ኃላፊነቱን የሚቀበል ሰው፣ ጥያቄ ሲመጣም የማይቆጣ አስተዳደር ያስፈልጋል። ብልሽት የሚያሳውቅ ልጅ «አንተ ነህ የሰበርከው?» ከተባለ ሁለተኛ አይናገርም።

ተማሪዎቻችን፣ ይህ የሥራ መስክም መሆኑን ልብ በሉ። በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ይሰጣል፤ እርሻውም፣ ሆስፒታሉም፣ አየር መንገዱም የጥገና መዝገብ በሥርዓት የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የጤና ምክር ለሞተርም ይሠራል። ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል በወርሻና በትራክተር ላይ ዓመታት ያሳለፋችሁ፣ በጆሯችሁ ብቻ የሞተርን ሕመም የምትለዩ አላችሁ። ያ ዕውቀት በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ የለም። መጥታችሁ ንገሩን፣ ልጆቻችሁ ይጻፉት። ነገ ከመካከላችን ማን እዚህ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሄድ አናውቅም፤ በየዓመቱ ለሚመጡት ልጆች ግን የሚሠራ ፓምፕና የተሟላ ታሪኩን ትተንላቸው መሄድ እንችላለን።