ያንጎልን ጽሑፍ ለመተርጐም የሚሠለጥኑ ወጣቶች

ካንድ ሰው አፍ በብልቃጥ የሚወሰድ ጥቂት ምራቅ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የተፈጥሮ ጽሑፍ ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ስሙ ዲኤንኤ ነው። ሊቃውንት የሰውን ዲኤንኤ አብዛኛውን ክፍል አንብበው መጨረሳቸውን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ከዚያ ወዲህ የንባቡ ዋጋ እየረከሰ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ሄዷል። ነገር ግን ባገራችን በቆየው ትምህርት ንባብ የጨረሰ ሁሉ ትርጓሜ ያውቃል እንደማይባል፣ በዚህም ጥበብ ፊደሉን መቍጠርና ምሥጢሩን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ጽሑፍ በኮምፒዩተርና በሒሳብ ዘዴ የሚተረጕመው ሙያ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። ዛሬ የአእምሮ ሕመምን ከዲኤንኤ ጋር አያይዞ የሚያጠና ወጣት ተመራማሪ ይህን ሙያ ካልተማረ በገዛ ሥራው ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው ለምን ከበደ?

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለው ጽኑ የአእምሮ ሕመምም ባብዛኛው አንድ የተበላሸ ጂን ተፈልጎ «ጥፋተኛው ይህ ነው» የሚባልበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት ከ76,000 በላይ የሚሆኑ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞችን ዲኤንኤ ከጤነኞች ጋር አስተያይቶ፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 ስፍራዎችን አግኝቷል። ከነዚህ አብዛኞቹ ለየብቻ የሚጨምሩት አደጋ እጅግ ትንሽ ነው፤ ኑሮና አካባቢም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንደኛው ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕመሙን የዘር ርግማን አድርገው ቤተሰቡን የሚሸሹ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሁለት ወጥመዶች

ሠልጣኙ አስቀድሞ የሚማረው መጠርጠርን ነው። ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ባንድ ጥናት 1 ሚሊዮን የዲኤንኤ ስፍራዎች ተራ በተራ ቢመረመሩና በያንዳንዱ ምርመራ ከመቶ 5 የአጋጣሚ ስሕተት ቢፈቀድ፣ አንዳቸውም ከሕመሙ ጋር ግንኙነት ባይኖራቸው እንኳ 50,000 ያህሉ «ተገኘ!» የሚያሰኙ መስለው ይወጣሉ። ስለዚህ በዚህ ሙያ አንድ ውጤት ከቁም ነገር የሚገባው በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ100 ሚሊዮን ከ5 ያነሰ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የትውልድ ሐረግ ነው። አንድ ተመራማሪ ሕመምተኞቹን ከጎንደር፣ ጤነኞቹን ከጋምቤላ ቢሰበስብ ኮምፒዩተሩ ብዙ ልዩነት ያሳየዋል። ይሁን እንጂ ባብዛኛው የሚያየው የሕመሙን ምልክት ሳይሆን የሁለቱ አካባቢ ሰዎች የቀድሞ አባቶች የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን አስልቶ ዝም ይላል፤ «ይህስ አያስኬድም» የሚለው የሠለጠነ ሰው ነው።

የአፍሪካ ድርሻ

የሰው ዘር የተነሣው ከአፍሪካ በመሆኑ የዲኤንኤ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በዚህ አህጉር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ሕመምንና ዲኤንኤን በሚያገናኙ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 ከመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሲሆኑ፣ አፍሪካውያን 2 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ ከአውሮፓውያን ዲኤንኤ የተዘጋጀ የሕመም መገመቻ ስሌት ለአፍሪካዊ ሲሠራበት ትክክለኛነቱ በብዙ ይቀንሳል። ለሌላ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው።

ይህን ጉድለት ለማቃለል ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ የተባለ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ዕቅዱ 17,000 ሕመምተኞችንና 17,000 ጤነኞችን ለማካተት ነበር። ባገራችን በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሜሪካ በኩል የብሮድ ተቋምና የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በሥራው ተባብረዋል። ከጥናቱ ጎን ለጎንም ጂንጀር የተባለ የሁለት ዓመት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀመረ። ከአራቱ አገሮች የተመረጡ 17 ጀማሪ ተመራማሪዎች ባገራቸው ሆነው ትምህርቱን በኢንተርኔት እየተከታተሉ፣ በየጊዜውም ባንድ ስፍራ እየተሰበሰቡ ስታቲስቲክስን፣ የጂን ሳይንስንና የጥናት ጽሑፍ አዘገጃጀትን ይማሩ ጀመር።

ይህ ሙያ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በዚሁ ጥናት አንድ ሰው ምራቁን ከመስጠቱ በፊት ስለ ጥናቱ የተነገረውን በሚገባ መረዳቱ በጥያቄ ይመረመር ነበር። ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ሳይሆን የሚፈርሙበትን ነገር ማወቅ ነውና።

አንባቢው ማን ይሁን?

ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ምራቁ ካገር ሰው ተወስዶ ትርጓሜው በባሕር ማዶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ያገሩ ተመራማሪ ብልቃጥ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠየቀውንም ጥያቄ ሌሎች ይመርጡለታል። የሕመምተኛውን ቋንቋ፣ ኑሮና ቤተሰብ የሚያውቅ ሐኪም ግን መረጃውን ራሱ መመርመር ሲችል፣ ሌላው ያላሰበውን ጥያቄ ያነሣል።

ትምህርቱን ለማስፋፋት የግድ ብዙ ሰው ወደ ውጭ መላክ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤችስሪኤባዮኔት የተባለው የአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ ማኅበር በ10 አገሮች፣ በ20 ተቋማት፣ ለ364 ተማሪዎች አንድ ዓይነት የመግቢያ ትምህርት ሰጥቷል። ንግግሮቹ አስቀድመው ተቀርጸው ነበር፤ በየክፍሉም የሚያግዙ ረዳቶች ተመድበው ነበር።

በሒሳብና በባዮሎጂ መካከል ለመምረጥ የምታመነታ ተማሪ፣ ሁለቱን አጣምሮ የሚፈልግ ሙያ መኖሩን እወቅ። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ያለኸው ወዳጃችንም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለህ። የሠለጠነው ሰው ሲመለስ የሥራ መደብ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት፣ በጊዜው የሚፈጸም ደብዳቤ ይፈልጋል። እነዚህን ካጣ ወይ ሙያውን ይረሳል፣ ወይ ሙያው ወደሚሠራበት አገር ይሄዳል። ማሠልጠን የነገሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሠለጠነውን ማሠራት ነው።