የደም ነቀርሳ ሕሙማንና መድኃኒት የማይበግራቸው ተሐዋስያን

የደም ነቀርሳ የያዘው ሰው ሲሞት ቤተ ዘመዱ የሞቱን ምክንያት ነቀርሳው ብቻ አድርጎ ያስባል። ይህን ሕመም የሚያክሙ ሐኪሞች ግን እንደሚያውቁት፥ ከሕሙማኑ ብዙዎቹን በመጨረሻ የሚጥላቸው በደም ውስጥ ገብቶ የሚራባ ተሐዋሲ ነው። ይኸውም ተሐዋሲ በጤናው ጊዜ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ በሰውዬው አንጀትና ቆዳ ላይ ሲኖር የነበረ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስለዚሁ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ተሐዋስያኑን ይገድሉ የነበሩት መድኃኒቶች ኃይላቸው እየደከመ መሄዱና፥ ለዚህም ድካም ከሕሙማኑ ይልቅ ጤነኛው ሕዝብ ምክንያት መሆኑ ነው።

የሰው ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። ከዚያ ከሚወጡት ነጫጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት እንደ ከተማ ዘበኞች ናቸው፤ ባዕድ ተሐዋሲ ሲገባ ፈጥነው ደርሰው ይውጡታል። ብዙውን ጊዜ በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1500 የበለጡ ይገኛሉ። የደም ነቀርሳ መቅኒውን ወርሮ ዘበኞቹ የሚወለዱበትን ስፍራ ይይዛል፤ ነቀርሳውን ለመግደል የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ደግሞ ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ የቀሩትን ይፈጃል። ቁጥራቸው ከ500 በታች ሲወርድ ሕመምተኛው ቅጥሯ እንደ ፈረሰ ከተማ ይሆናል። ያው መድኃኒት የአፍንና የአንጀትን ሽፋን ስለሚያቈስል፥ በአንጀት ይኖሩ የነበሩት ተሐዋስያን በቍስሉ በኩል ወደ ደም ይሻገራሉ። መድኃኒት እንዲሰጥበት በትልቅ የደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦም ሌላ በር ይከፍትላቸዋል።

የሚያስደንቀው፥ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ሕመሙ ምልክት ማጣቱ ነው። መግል የሚባለው ነገር አብዛኛው የሞቱ ነጫጭ ሕዋሳት ስለሆነ፥ ሕዋሳቱ በሌሉበት ቍስሉ እንደ ልማዱ አይመግልም፤ ብዙ ጊዜም ትኵሳት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ጊዜ እንኳ 38.3 ዲግሪ የደረሰ፥ ወይም 38 ደርሶ አንድ ሰዓት የቈየ ሕመምተኛ፥ ሐኪም ቤት በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት በደም ሥሩ እንዲሰጠው የሙያው ሊቃውንት ያዝዛሉ። የተሐዋሲው ማንነት በምርመራ እስኪታወቅ ቢጠበቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃልና፥ ሐኪሙ በግምት ይጀምራል። ግምቱም የሚረዳው መድኃኒቱ የሚሠራ ሲሆን ነው።

የመቅኒ ንቅለ ተከላ ለሚደረግለት ሰው አደጋው ይብሳል። ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ከደከሙለት ሰዎች ቀዳሚው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አስቀድሞ የሕመምተኛው የራሱ መቅኒ በብርቱ መድኃኒት ይጠፋል፤ ከዚያ ከለጋሽ ወይም ቀድሞ ከራሱ የተወሰደ ስቴም ሴል በደም ሥሩ ይገባለታል፤ ይህ አዲስ ዘር በቅሎ ሕዋስ እስኪያወጣ ድረስ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ያለ ዘበኛ ይቈያል። ከአገራችን ሰዎችም ዘመድና ወዳጅ ገንዘብ አዋጥቶላቸው ለዚሁ ሕክምና ወደ ህንድና ወደ ሌላም አገር የሚሄዱ አሉ። ያ ሁሉ ድካም በነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚያገለግል መድኃኒት ከታጣ ከንቱ ይሆናል።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባሰሙት ንግግር ይህን አደጋ አስቀድመው አመልክተው ነበር። በምሳሌያቸውም አንድ ሰው ጉሮሮውን ታመመና ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ፈቃድ ወሰደ፤ የወሰደው መጠን ግን ተሐዋስያኑን የሚገድል ሳይሆን መድኃኒቱን መቋቋም የሚያስተምር ነበር። የተማሩት ተሐዋስያን ወደ ሚስቱ ተላለፉ፤ እርሷም በሳንባ ምች ታመመች፤ በፔኒሲሊን ቢያክሟትም አልሠራ ብሎ ሞተች። ይህ ሲነገር ፔኒሲሊን ለሕዝብ መዳረስ ገና መጀመሩ ነበር።

ዛሬ የነቀርሳ ሕሙማንን ደም ከሚወርሩት ተሐዋስያን መካከል ክሌብሲየላ፥ ኤሽሪሺያ ኮላይ፥ ፕስዩዶሞናስና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን የሚሰብር ኤንዛይም አበጅተዋል፤ ኤንዛይሙ የተጻፈበትንም የዘር መልእክት አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ሐኪሞች ለክፉ ቀን ያስቀመጧቸው ሜሮፔኔምን የመሰሉ መድኃኒቶች እንኳ በአንዳንዶቹ ላይ አይሠሩም። ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ እንዳይመስለን፥ እንዲህ ያለ ኤንዛይም የያዘ አሲኔቶባክተር ጅማ ባለው ሆስፒታል መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በጽሑፍ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ኮሊስቲን ኩላሊትን ይጎዳል፤ አዳዲሶቹም መድኃኒቶች ዋጋቸው ከድኻ አቅም በላይ ነው። በዓለም ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንቱ ገምተዋል።

ከአራት ኪሎ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ብዙ መድኃኒት ቤቶች ያገኛል። በአገራችን ከተሞች ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ እንዲህ ያለው ቤት ገብቶ ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነውና አሞክሳሲሊን አንዳች አያደርገውም፤ በሰውዬው አንጀት ያሉት ተሐዋስያን ግን ትምህርታቸውን ይቀበላሉ። ትንሽ ሲሻለው ደግሞ የተረፈውን ለጎረቤት ያካፍላል፤ ይህም እንደ ደግነት ይቈጠርለታል። በዚሁ በአራት ኪሎ የሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ስለ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112ን አውጥቷል። ሕግ አልጐደለንም፤ የጐደለው በየመድኃኒት ቤቱ ደጅ የሚቆም ተቈጣጣሪ ነው፤ ሹማምንቱም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

ለመድኃኒት ቤቶቹ ሁሉንም ጥፋት መስጠት ግን ትክክል አይሆንም። በሆስፒታል ውስጥ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ተሐዋሲውን የሚያሻግረው ያልታጠበ እጅ ነው፤ ውኃ በሚቋረጥበት ክፍል እጅ ታጠቡ ማለትም ቀልድ ይሆናል። ደግሞ ሐኪሙ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የሕመምተኛውን ደም በጠርሙስ ወስዶ ተሐዋሲውን ሊያስመረምር ይገባዋል፤ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱን ይለውጣል ወይም ያጠብባል፤ የብዙ ሕሙማን ውጤት ሲከማችም በዚያ ሆስፒታል በየትኛው መድኃኒት መጀመር እንዲሻል ይታወቃል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን የመሰለ ክትትል እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቂት ሆስፒታሎች ጀምሯል። ይሁን እንጂ በብዙ ስፍራ ሐኪሙ ያለዚህ ምርመራ ያክማል። የመመርመሪያው ጠርሙስ እንደ ተራ ዕቃ ከበጀት የሚቀነስ መሆን የለበትም፤ ጠርሙሱ ሲታጣ ሐኪሙ ብርቱውን መድኃኒት ለሁሉም ይሰጣልና፥ ቈጥበናል ያልነው ገንዘብ በእጥፍ ይወጣል።

ለካህናት አባቶቻችንም የምንለው አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሕመምተኛውም ሁለቱንም ሊይዝ እንደሚገባው በግልጥ ተናግረው ነበር፤ ዐፅማቸው በአራት ኪሎ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ያ ትምህርት ለደም ነቀርሳ ሕሙማን ይልቁንም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀናት ሲፈቀዱ፥ ለዚህ ትኵሳት የሚፈቀደው ሰዓት ነው። በሽተኛን መጠየቅም በወንጌል የታዘዘ ነው፤ ነገር ግን በኬሞቴራፒ ላይ ያለውን ሰው የሚጠይቅ እጁን ታጥቦ፥ ጉንፋን ካለበትም በደጅ ሆኖ ሰላምታውን ቢልክ ትእዛዙን አላፈረሰም። ከብዙ ሰው ከንፈር ወደ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከንፈር የሚደርሰው መስቀልም አስቀድሞ ቢጠረግ ክብሩ አይጐድልም።

ለብዙ ዓመታት ለነቀርሳ ሕሙማን ዋነኛው መጠጊያ ወደ ሆነው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡት ሰዎች፥ በኬሞቴራፒው መካከል ባለው ጊዜ በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ይሰነብታሉ። ትኵሳቱ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። የነፍስ አባታቸው ወይም የቤቱ ባለቤት እንዲህ ያለ ሰው በሌሊት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቢያይ፥ ትኵሳት የሚያበርድ ክኒን ሰጥቶ እስኪነጋ አያስተኛው፤ ክኒኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ተሐዋሲውን አይነካውም፤ ይልቅስ በዚያችው ሌሊት መኪና ይጥራለትና ሐኪሙን ገና ከበሩ ጀምሮ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ነው ብሎ ይንገር።