ረገዳና እስክስታ በአንድ ገላ

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች በዓል ሲከበር በየአዳራሹ የሚታየውን ትርኢት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። መጋረጃው ሲገለጥ ወንዶችና ሴቶች ተሰልፈው የጎንደርን እስክስታ ይወዛወዛሉ። ሙዚቃው ይቋረጥና እየሮጡ ይወጣሉ፤ ልብስ ለውጠው ጉራጌ ሆነው ይመለሳሉ። እንደ ገና ወጥተው ትግራይን፣ ከዚያም ወላይታን ያሳያሉ፤ በመጨረሻም ዱላ ይዘው የሸዋ ኦሮሞን ረገዳ ይረግጣሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው አምስት አገር ይሆናል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ነገር ግን ያ ተወዛዋዥ ከመጋረጃው በስተጀርባ አንዱን ልብስ አውልቆ ሌላውን ሳይለብስ በሚቆይባት ጥቂት ጊዜ የየት አገር ሰው ነው? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ያደግን ተማሪዎች ብዙዎቻችን በቤት ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እየተናገርን የምንውል ነን። አባቱ ከአንድ ወገን፣ እናቱ ከሌላ ወገን የሆነ ጓደኛ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የአምቦ አካባቢ ቦዳ ተወላጅ የሆነው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን (የትውልድ ዘመኑ 1936 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። እርሱም አንዱን ለማክበር ሌላውን ሳይክድ፣ ሁለቱንም ወገን በብዕሩ ሲያነጋግር ኖሮ በ2006 ዐረፈ። በቃል ረገድ እንዲህ ያለው ነገር ይቻላል ብለን ተቀብለናል። በገላ ረገድስ ይቻላል ወይ? ዘመናዊ ውዝዋዜ የሚባለው ጥበብ በአገራችን የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የአገራችን ጭፈራዎች በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1965 ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የሚባሉ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጭፈራንና ዜማን አጥንተው ነበር፤ ማርቲንም በ1967 ስለ ኢትዮጵያ ጭፈራ ዐይነቶች ጽሑፍ አውጥቷል። ከእርሱም በኋላ ሌላው የሃንጋሪ ሰው ቲቦር ቫዳሺ ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን አሳትሟል። ተመራማሪ ባንሆንም እኛም በዐይናችን የምናየው ልዩነት አለ። በእስክስታ ዋናውን ነገር የሚናገሩት ትከሻና ደረት ናቸው፤ እግር ዝም ይላል። በጉራጌ ጭፈራ ግን እግር ይፈጥናል፤ ክንድም እንደ ሠራተኛ ክንድ ይወነጨፋል። በትግራይ ሰዎች ክብ ሠርተው ከበሮውን እየተከተሉ በዝግታ ይዞራሉ፤ ከበሮው ሲፈጥን ግን ትከሻው ይነሣል። በወላይታ የሚናገረው ወገብ ነው። በሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ወንዱና ልጃገረዷ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ወንዱ ምድርን እየረገጠ ይዘላል፤ ልጃገረዷም ጠጕሯ እስኪበተን አንገቷን ትወረውራለች። ስለዚህ የአገራችንን ካርታ ከሰው ገላ ላይ ማንበብ ይቻላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህን ጭፈራዎች በአንድ መድረክ የማሰባሰቡ ሥራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አገር ፍቅር ቴአትርና በ1955 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተጫዋቾችን አሰባስበዋል። በ1963 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቁሞ በየአካባቢው ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን መሰንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድነት እንዲሰሙ አደረገ። በ1987 «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ጓድ የብሔረሰቦችን ጭፈራ ይዞ በብዙ አገሮች ዞሯል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ጎረቤቱን በስም እንጂ በመልክ የማያውቀው ሕዝብ እርስ በርሱ እንዲተያይ ረድቷልና።

ሆኖም የመድረኩ ሥራ ሁለት ነገሮችን አስቀርቷል። አንደኛ፣ በሠርግ ቤት ተጫዋቾች የሚተያዩት እርስ በርሳቸው ሲሆን በመድረክ ላይ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል። ይህም ማለት አንዱ ሲጠራ ሌላው የሚመልስበት ጨዋታ ትርኢት ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጭፈራዎቹ ተራ በተራ መጡ እንጂ አልተነጋገሩም። በወተት ላይ ቡና ሲጨመር ድብልቅ ይሆናል፤ ወተቱና ቡናው በሁለት ሲኒ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ግን ድብልቅ አይባልም። በመጋረጃው በስተጀርባ የተውነው ተወዛዋዥም ጥያቄው አልተመለሰለትም።

ለጥያቄው ሌላ መንገድ የተከፈተው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ መምህር በአዲስ አበባ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳናና የድኻ ቤተሰብ ልጆችን አሰልጥኖ ካርሚና ቡራና የሚባለውን ሥራ በመድረክ አሳየ። ከነዚያም ልጆች መካከል የተመረጡት ለበርካታ ዓመታት ሥልጠና ተሰጣቸውና አዱኛ የተባለ የማኅበረሰብ ውዝዋዜ ቡድን ተቋቋመ። አዳም ቤንጃሚን የተባለው መምህርም መጥቶ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው አብረው የሚወዛወዙበትን ዘዴ አስተማረ። ከአዱኛ ልጆች መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ስማቸው ከአገር ውጭም ተሰማ። ጁነይድ በ2004 እና በ2005 ሮሌክስ በሚባለው ድርጅት መርሐ ግብር መሠረት የጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተመርጧል። ሁለቱ ጓደኛሞች ዴስቲኖ የተባለ ቡድን መሠረቱ፤ በ2009ም ለንደን በሚገኘው በሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ከከተማው ነዋሪዎች ጋር ሆነው ሥራቸውን አቀረቡ። ዴስቲኖ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው። የጎዳና ልጅ ስለ ዕጣ ፈንታው ሌላ ሰው እንዲነግረው ሳይጠብቅ ራሱ በገላው ሲናገር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ዘመናዊ ውዝዋዜ ስንል የምሽት ክበብ ዳንስ ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ይህ ጥበብ አስቀድሞ የተወሰነ እርምጃ የለውም። የሚያስተምረው የገላን ክብደት፣ መውደቅንና መነሣትን፣ ትንፋሽን፣ ወለልን፣ የሌላውን ሰው ክብደት መቀበልንና መስጠትን ነው። ታዲያ አንድ ሠሪ የቆየውን ጭፈራ ከዚህ ጋር የሚያዋሕደው እንዴት ነው? መንገዱ ብዙ ቢሆንም ሦስቱን እንግለጽ።

አንደኛው ፍጥነቱን መለወጥ ነው። በሰርግ ላይ በዐይን ጥቅሻ የሚያልፈው የትከሻ ንቅናቄ በጣም ሲዘገይ ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ ይታያል፤ ደስታ የነበረውም አንዳንድ ጊዜ ኀዘን መስሎ ይገኛል። ሁለተኛው ስፍራውን መለወጥ ነው። በትከሻ ላይ የነበረው ንዝረት ወደ ጉልበት ወይም ወደ እጅ ይወርዳል፤ ቆሞ ይደረግ የነበረውም በወለል ላይ ተኝቶ ይደረጋል። ሦስተኛው ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው። ለምሳሌ በረገዳ ልጃገረዷ አንገቷን ስትወረውር ኀይሉ በአየር ላይ ይቀራል፤ በዘመናዊው ሥራ ግን ያን ኀይል ጓደኛዋ በትከሻው ተቀብሎ በእስክስታ ሊመልሰው ይችላል። ያን ጊዜ ረገዳና እስክስታ ልብስ ሳይለወጥ በአንድ አፍታ ተገናኙ ማለት ነው።

በሌላ አቅጣጫ የሄደም አለ። መላኩ በላይ በካዛንቺስ በሚገኘው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት ገና በልጅነቱ ለሽልማት እየተወዛወዘ፣ ሌሊቱንም እዚያው እያደረ ሠርቷል፤ ኋላም ቤቱን ራሱ ተረክቦ የጥበብ ማእከል አድርጎታል። ቤቱ በ2024 ከቀድሞ ስፍራው እስከሚለቅ ድረስ የአገር ውስጥና የውጭ ሙዚቀኞች መገናኛ ነበር። መላኩ እስክስታን በፈረንጅ ስልት አልሸፈነውም። እስክስታውን እንደ ያዘ ወደ ሌላው ዓለም ሙዚቃ ገባ፤ ከሆላንድ ዘ ኤክስ ቡድን ጋርም ተጫውቷል። እንግዲህ የጁነይድና የአዲሱ መንገድ የውጭውን ዘዴ ወደ አበሻ ገላ ማምጣት ሲሆን፣ የመላኩ መንገድ ደግሞ የአገሩን ንቅናቄ ሳይቀንስ ወደ ውጭው ድምፅ መውሰድ ነው። ሁለቱም ድብልቅ ናቸው፤ የተነሡበት በር ግን ለየቅል ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ ይቀርባል። ሽማግሌው «ይህ የእኛ አይደለም፤ ተበላሽቷል» ይላል። የውጭው ተመልካች ደግሞ «ይህማ እኛ ዘንድም አለ፤ ከበሮውና ላባው የት አለ?» ይላል። ሁለቱም ከተወዛዋዡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ አንዱን መርጠህ ልበስ ነው የሚሉት። እኛ ግን ሁለት ቋንቋ በመናገሩ ማንነቱ የጎደለ ሰው ስላላየን ጥያቄውን አንቀበለውም። ይሁን እንጂ የሽማግሌው ቅሬታ እውነት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ማመን ይገባል። ይኸውም የሚደባልቀው ሰው የሚደባልቀውን ነገር ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ለዚህ ከጭፈራ ውጭ የሆነ ምሳሌ እናንሣ። የጀልዱ ወረዳ ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶንን ሩጫ ሁለተኛ ሆኖ ሲፈጽም ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። ያ ምልክት በ2015 ከጊንጪ በተነሣው ተቃውሞ ወጣቶች በየመንገዱ ያሳዩት የነበረ ነው። ከምዕራብ ሸዋ መንገድ ተነሥቶ ብራዚል ድረስ ሲሄድ ትርጕሙ አልጠፋም፤ እንዲያውም ዓለም ሁሉ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለምን ቢሉ፣ ምልክቱን የተሸከመው ሰው ከየት እንዳነሣውና ለማን እንደሚያሳየው ያውቅ ነበርና ነው። ለጭፈራም ሕጉ ይኸው ነው። ንቅናቄ አገር ቢለውጥ አይሞትም፤ የሚሞተው የተሸከመው ሰው ቤቱን ሲረሳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህን የተማረው በመጽሐፍ አይደለም። ከጉደር ወጣ ባለ መንደር በአንድ ጓደኛዬ እኅት ሠርግ ላይ፣ በተማሪዎች የባህል ክበብ የለመድኩትን ረገዳ ለማሳየት ቸኵዬ ገባሁ። ስልኩን አንሥቶ የሚቀርጸኝ ልጅ በግድግዳው በኩል ቆሞ ስለ ነበር ፊቴን ወደዚያው አድርጌ ዘለልሁ። አንዲት አሮጊት እናት ከመደቡ ላይ ሆነው በኦሮምኛ፣ «አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምትጨፍረው? ወደ እኛ ዙር እንጂ፤ ግድግዳው አይመልስልህም» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አፈርሁ። ዞሬ ስገባ ግን ከፊቴ የቆመችው ልጅ በአንገቷ መለሰችልኝ፤ እግሬም የክበቡን ቈጠራ ትቶ የእርሷን ትንፋሽ መከተል ጀመረ። ሦስት ዓመት ያወቅሁት የመሰለኝን ረገዳ ገና ያን ቀን ጀመርሁት።

በአገራችን ተወዛዋዥ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሥራ ፈት ሲታይ ኖሯል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለስድብ የሚነገርበት ቤት አሁንም ሞልቷል። በሠርጋችን ላይ ደስ ያሰኘንን ሰው በማግስቱ መናቅ ግን ለተማረ ሰው አይገባም። እነ ጁነይድ፣ አዲሱና መላኩ ከጎዳናና ከአዝማሪ ቤት ተነሥተው የሠሩት ሥራ ውዝዋዜ አሳብ እንደሆነ አስመስክሯል።

ስለዚህ በየባህል ክበባችን የምንሠራ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሚመጣው ኅዳር ስንዘጋጅ ሦስት ነገር ብናደርግ መልካም ነው። ጭፈራውን ከቪዲዮ ብቻ ከመቅዳት ይልቅ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ጌዶ፣ ወደ ጀልዱ ሠርግ ሄደን ከሚያውቁት እናቶችና አባቶች እንማር፤ ያስተማሩንንም ሰዎች ስም በትርኢቱ ወረቀት ላይ እንጻፍ። በመድረክም ላይ ቢሆን ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ፊታችንን ወደ ጓደኛችን እናዙር። ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ልብስ ሳንለውጥ ከአንዱ ጭፈራ ወደ ሌላው ለመሻገር እንሞክር። በሙከራው ብንሰናከል ነውር የለውም። ከእኛ ብዙዎቻችን በየቀኑ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ክፍል ስንሄድ እንዲሁ እንሻገራለን፤ ገላችንም ይህን መንገድ ያውቀዋል።